በበቅሎ የመጣችው ባለብስክሌት

አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ 10 ዓመት ሲሞላት የተሰጣት የልደት ስጦታ ብስክሌትና አትላስ ነበር። ሁለቱን አስተያየችና አንድ ቀን ህንድ ድረስ በብስክሌት እንደምትሄድ ለራሷ ቃል ገባች፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ቃሏን ፈጸመች። ብስክሌቷን ከዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ወስዳ «ሮዝ» ትላት ነበር። ወደ እኛ አገር ስትመጣ ግን ሮዝን አላመጣቻትም። በ1959 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥታ፣ አክሱምን፣ የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አልፋ አዲስ አበባ የገባችው በእግሯ ነው፤ ለብዙው መንገድ ጓዟን የተሸከመላት ጆክ የተባለ በቅሎ ነበር። የጉዞው ማስታወሻ «በኢትዮጵያ ከበቅሎ ጋር» በሚል ርእስ በ1968 እ.ኤ.አ. ለንደን ታተመ።

ብስክሌትን እንዲህ የምትወድ ሴት ለምን በቅሎ መረጠች? የአገሩ ዳገትና የመንገዱ እጦት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ያደረግሁት የምሽት የብስክሌት ጉዞ ነው። ሰባት ሆነን ከደባርቅ ወደ አስር ሰዓት ተኩል ግድም ተነሣን፤ በሊማሊሞ ወርደን ድብ ባሕር ልናድር ነው። ሊማሊሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ጠመዝማዛ ነው። በብስክሌት የሚወርድበት ሰው የደጋው ብርድ ከላዩ ሳይለቀው የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ጭላዳዎቹ ለማደር ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፤ እረኞች ከብት እየነዱ ይገባሉ። ፍሬን ከመጨበጥ ጣታችን ደንዝዟል። በየመታጠፊያው «እንደምን አመሻችሁ» የሚለን ሰው አለ፤ እኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል ግን ሰውየው ከኋላችን ርቆ ቀርቷል።

ከዚያ የአንዱ ጓደኛችን ካላማዳሪ ፈነዳ። እሱ እስኪለጠፍ አንዲት እናት ጠላ አወጡልን፣ አንድ ሽማግሌ የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ተጨዋወትን። ከዚያ ምሽት ዛሬ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ያ የቆምንበት ግማሽ ሰዓት ነው።

በቅሎ የሚሰጠው ይህን ቆም ብሎ ሰው የማግኘት ዝግታ ነው፤ የመርፊ መጽሐፍ ትልቁ ጉልበትም ይኸው ነው። በበቅሎ እርምጃ የተጻፈ ነው። ዳገቱን ስትወጣ አንባቢውም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የሰሜንን ብርድ ስትነግረን የሌሊቱ ርዝመት ይሰማናል። ቀኑን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን የበቅሎው ሣርና ውኃ ነው። የዕለት ማስታወሻ በመሆኑ ዛሬ የተማረረችበትን ነገር ነገ ስታደንቀው እናገኛታለን፤ ይህን አለማስተካከሏን እወድላታለሁ። በመንገድ ሽፍቶች ዘርፈዋታል፤ ለሞትም ቀርባ ነበር። ሆኖም ያን አንድ ቀን አገሩን ሁሉ መመዘኛ አላደረገችውም። ብዙ የጉዞ ጸሐፊ በዚህ ፈተና ይወድቃል።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ደርቭላ አማርኛ አታውቅም ነበር። ፍጥነቷን ሰውን ለማየት ያህል ዝቅ አድርጋለች፤ ያየችው ሰው የሚናገረውን ግን ለመስማት አልቻለችም። ስለዚህ እንጀራ ያቀረበላት፣ መደቡን የለቀቀላት፣ እሳት ዳር ያስጠጋት ገበሬ በምልክትና በፈገግታ ብቻ ያልፋል። መጽሐፉን ዘግቼ ሳስበው የጆክ ጠባይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ ካስተናገዷት ባላገሮች መካከል እንደ እሱ በመልክና በጠባይ ለይቼ የማስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር አይታየኝም። ደጃፉን ለማያውቃት ሴት የከፈተ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ከበቅሎው ያላነሰ ቦታ ይገባው ነበር። አንዳንድ ጊዜም ዝምታቸውን ስትተረጉም ትቸኩላለች፤ ባህሉ ለእንግዳ ያስቀመጠውን ጥንቃቄ ለግድየለሽነት የምትወስድበት ቦታ አለ። ልዩነቱን አንድ አስተርጓሚ ባስረዳት ነበር። ብቻዋን መሆንን ስለመረጠች ግን ያን ዕድል አጣች። ነጻነቷን የሰጣት ብቸኝነት ጆሮዋንም ዘግቶባታል።

ያም ሆኖ ስለ ሰሜን ተራሮች ከተጻፉ የውጭ ሰዎች ማስታወሻዎች ውስጥ ደግሜ የማነበው ይህን ነው። ተራሮቹ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሷ ያለፈችው ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብላ፣ የቱሪስት መኪና ሳይበዛ ነው። የዚያን ጊዜ እረኞች ዛሬ አያቶች ናቸው። መርፊ ግንቦት 2014 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ አርፋለች፤ የጎደለውን ልትሞላው አትችልም።

የዳባት፣ የደባርቅ፣ የድብ ባሕር ልጅ ሆይ፦ በ1959 ዓ.ም. በቅሎ እየጎተተች የመጣች ፈረንጅ ሴት ቤታቸው አሳድረው እንደሆነ አያቶችህን ጠይቃቸው፤ ካስታወሷት የራሳቸውን ስም ጨምረህ ጻፈው።