ጤናዋን ነው የሚጠብቀው ወይስ እሷን?

በሞባይል የሚሠራ የጤና መተግበሪያ፣ በተለምዶ አፕ የምንለው፣ የሚጠቅመው ባለ ስልኳ እውነቱን በነገረችው ልክ ነው። «ትናንት ጠጥተሽ ነበር?» ይላታል። «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?»፣ «የወር አበባሽ መጣ?»፣ «ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ?» ይላታል። እሷ ትመልሳለች፤ እሱ ከመልሷ ተነስቶ ይመክራል። ከዋሸችው ምክሩ የሌላ ሰው ምክር ይሆናል።

አሁን ይህቺ ሴት ሰሜን ሸዋ፣ መዘዞ የምትኖር፣ ፍርድ ቤት በገደብ የለቀቃት ናት እንበል። የምትሰጠው መልስ ዞሮ ዞሮ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል። ታዲያ «ትናንት ጠጥተሽ ነበር?» ሲላት ምን ብላ ትመልሳለች?

በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ፣ በፍትሕ ሥርዓቱ ክትትል ሥር ላሉ ሴቶች በስልክና በኮምፒውተር የጤና አገልግሎት ማቅረብ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኗል። ሀሳቡን አልጠላሁትም። ግን «አፑ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሳ፣ «አፑ የሰማውን ለማን ይናገራል?» የሚለው እምብዛም አይሰማም። ለእኔ መቅደም ያለበት ይሄኛው ነው። ምክንያቱም እሱ ሳይመለስ የመጀመሪያውን መመለስ አይቻልም።

ገደብና አመክሮ

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን መሠረት ፍርድ ቤት ቅጣትን በገደብ ሊያቆየው ይችላል፤ የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። አመክሮ ደግሞ ሌላ ነው፦ ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና መልካም ጠባይ ያሳየ ታራሚ ቀሪውን ውጭ ሆኖ እንዲጨርስ የሚፈቀድበት መንገድ ነው። በሁለቱም መንገድ ሴትየዋ ቤቷ ናት። ልጆቿን ታሳድጋለች፣ ገበያ ትወጣለች። ግን የተጣለባትን ግዴታ ካፈረሰች ማረሚያ ቤት ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ ለሌላ ሰው ቀላል የሆነ የጤና ጥያቄ ለእሷ ነፃነቷን የሚነካ ጥያቄ ነው።

ተስፋው ከየት መጣ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ተመራማሪዎቹ ለምን ወደ ስልክ እንደሄዱ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ 30,237 ሰዎችን መዝገብ መረመረ። በተፈቱባቸው የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቀዳሚው ገዳይ ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ ነበር። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ሕክምናውም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ስልክ ግን ከሰው ጋር ይሄዳል። «ክትትሉን በስልክ እናስቀጥለው» መባሉ የሚገርም አይደለም።

ውጤትም አለ። ለእስረኞች ሳይሆን ከአልኮል ሱስ ሕክምና ማዕከል ለሚወጡ ሰዎች የተሠራው «ኤ-ቼስ» የተባለ አፕ በ349 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ታተመ። አፑን የያዙት በ30 ቀን ውስጥ በአደገኛ መጠን የጠጡባቸው ቀናት በአማካይ 1.39 ሲሆኑ፣ ያልያዙት 2.75 ነበሩ። ግማሽ ያህል ልዩነት ነው፤ ቀላል አይደለም።

ወደ ሴቶቹ ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «ወርዝ» የተባለው የኒውዮርክ ጥናት፣ ውጤቱ በዚያው በ2014 የታተመው፣ ዕፅ የሚጠቀሙና በፍትሕ ክትትል ሥር ያሉ 306 ሴቶችን በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ኤችአይቪን የመከላከል ትምህርቱን በኮምፒውተር ታግዞ ወሰደ። ሁለተኛው ያንኑ ትምህርት ያለ ኮምፒውተር ወሰደ። ሦስተኛው ስለ ጤና በጥቅሉ ተማረ። ሁለቱ ቡድኖች ከሦስተኛው የተሻለ ውጤት አመጡ። በሁለቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ኮምፒውተሩ ከሰው አላነሰም፣ ከሰውም አልበለጠም። የሠራው ሴቶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የተነጋገሩት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስክሪኑ ረዳት ነበር።

መቶ ሴቶች በቁጥር

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብቻ ነው የማወጣቸው። በክትትል ሥር ያሉ 100 ሴቶች አሉ፤ ከነሱ 30ዎቹ ባለፈው ሳምንት ጠጥተዋል። አፑ መልሱን ለጤና ባለሙያ ብቻ የሚያደርስ ነበርና 30ዎቹም «አዎ» አሉ። በማግሥቱ ሪፖርቱ ለክትትል ኃላፊም እንዲሄድ ተወሰነ። ወሬው ተሰማ። በቀጣዩ ሳምንት የጠጡት አሁንም 30 ናቸው፤ ግማሾቹ ግን ፈርተው «አልጠጣሁም» ብለው ጻፉ። አፑ 15 ብቻ ያሳያል።

በግራፉ ላይ ይህ ምን ይመስላል? ስኬት ይመስላል! ችግሩ በግማሽ ቀነሰ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፣ አፑ ወደ ሌላ ወረዳ ይስፋፋል። በተግባር የሆነው ግን እርዳታ የሚያስፈልጋቸው 15 ሴቶች ከሐኪም ዓይን መሰወራቸው ነው። ለችሎት የሚናገር የጤና አፕ የሚያምር ቁጥር የሚያሳየው በሚወድቅበት ሰዓት ነው። በምሕንድስና ቋንቋ፣ መለኪያው የሚለካውን ነገር ቀይሮታል።

ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ይህን ያውቃሉ። የ«ወርዝ» ተከታይ ጥናት በኒውዮርክ በክትትል ሥር ባሉ 352 ጥቁር ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ሴቶቹ ራሳቸው በተናገሩት ብቻ አልተወሰነም፤ የአባላዘር በሽታን በላቦራቶሪ ምርመራም ለካ። በ12ኛው ወር የትምህርቱ ተካፋዮች በሽታው የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። የሚያሳምነኝ እንዲህ ያለ ውጤት ነው። የክትትል አፕ ግን ላቦራቶሪ የለውም፤ ያለው የሴትየዋ ቃል ነው።

ጂፒኤስና የጠላ ቤት ጣሳ

ኤ-ቼስ አንድ ብልህ ነገር ነበረው። ተጠቃሚው ድሮ ይጠጣበት ወደነበረ ቦታ ሲጠጋ ስልኩ በጂፒኤስ አውቆ ያስጠነቅቀዋል። በዚያው አሜሪካ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣኑ የሚጠቀምበት «ስማርትሊንክ» የተባለ አፕም ጂፒኤስ ይጠቀማል፤ ሰውየው ፎቶ እየላከ ያለበትን እንዲያሳውቅ ያደርጋል። አንዱ ለባለቤቱ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ባለቤቱ ይናገራል። መሣሪያው ያው ነው፤ ልዩነቱ መረጃው የሚሄድበት መንገድ ነው።

ያንን ጂፒኤስ መዘዞ እናምጣው። የስልክ ጂፒኤስ በጠራ ሰማይ ሥር እንኳ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። በእኛ አገር ደግሞ ጠላ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ የጎረቤት ቤት ነው፤ እንጨት ላይ በተደፋ ጣሳ ነው የሚታወቀው። ሴትየዋ እሳት ልትጭር ጎረቤት ብትገባ አፑ «መጠጥ ቤት ገባች» ይላል። ራሷ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ ከሆነማ፣ እንጀራዋ ራሱ አደገኛ ቦታ ሊባል ነው። ሌላ አገር የተሠራ ደንብ እንዲሁ ሲገለበጥ የሚሆነው ይሄ ነው።

ስልኩስ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የራሳቸው ሞባይል የነበራቸው 27 በመቶ ብቻ ናቸው። ማንበብ የሚችሉት ደግሞ 42 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በዝቷል። የባል ስልክ፣ የልጅ ስልክ፣ የጋራ ስልክ ግን ዛሬም አለ። «የሚመታሽ ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ በሚመታት ሰው ስልክ ላይ ብቅ ቢልስ? ይህ ንድፉን ከመነሻው መቀየር ያለበት ጉዳይ ነው።

እኛ ያለን ሌላ መንገድ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል። አሁን በየቤተሰቡ የነበረውን የወረቀት ማኅደር ወደ ታብሌት የሚያዞር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት አለ፤ ኔትወርክ በሌለበትም መዝግቦ በኋላ መላክ ይችላል። ማሽኑ በባለሙያዋ እጅ ነው፣ ወሬው ግን በሰውና በሰው መካከል ነው። ከ«ወርዝ» ውጤት ጋር የሚስማማው ይሄኛው ነው። ነገር ግን ያቺ የጤና ባለሙያ በቀበሌው የምትታወቅ ናት። ታብሌቷ ላይ «በገደብ ያለች» የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ ቢጨመር፣ ሴትየዋ የጤና ኬላውን ደጃፍ መርገጥ ልትተው ትችላለች።

መዝገብና መዝገብ ሲገናኙ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የወር አበባ መቁጠሪያው «ፍሎ» የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል የመረጃ መተንተኛ አገልግሎቶች አሳልፏል ተብሎ በአሜሪካ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከመንግሥት ጋር በስምምነት ጨረሰ። ለሱስ ሕክምና በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የመጀመሪያውን አፕ በ2017 ያስፈቀደው «ፒር ቴራፒዩቲክስ» ደግሞ በ2023 ከስሮ ንብረቱ በጨረታ ተሸጠ። አፑን የሠራው ድርጅት ነገ ላይኖር ይችላል፤ የሰበሰበው መረጃ ግን በማን እጅ እንደሚገባ ዛሬ መታሰብ አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቃቸው የባንኮክ ደንቦች በ8ኛው ደንብ ላይ ሴት እስረኛ የሕክምና ምስጢሯ እንዲጠበቅ፣ ስለ ሥነ ተዋልዶ ታሪኳም ያለመናገር መብት እንዳላት ይደነግጋሉ። በእስር ያለችው ይህ መብት ካላት፣ ቤቷ ያለችው ማነስ የለባትም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ፋይዳ ብዙ ነገር ያቀላል። ግን አንድ ቁጥር የጤና መዝገብንም የፍርድ መዝገብንም የሚከፍት ከሆነ፣ ሁለቱን ለማገናኘት የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ ነው። ግድግዳው በሥርዓቱ ውስጥ መሠራት አለበት፤ አዋጁ ላይ ብቻ መጻፉ አይበቃም።

«ፍርድ ቤቱ እኮ ማወቅ አለበት» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሕክምና እንድትከታተል ታዝዛ ከሆነ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እሱም በቀጠሮዋ መገኘቷ ብቻ ነው፦ መጥታለች ወይም አልመጣችም። ይህን ባለሙያው ፈርሞ ይልካል፤ ውስጥ የተባለው ውስጥ ይቀራል። ሐኪም ቤት ሄደን ለመሥሪያ ቤት የሕመም ፈቃድ ስናመጣም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ አፕ የሚሠራ አይጠፋም። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት አውጡና መረጃው ከስልኩ ተነስቶ የሚሄድበትን በቀስት ሣሉት፦ ወደ ማን ይሄዳል፣ የት ይቀመጣል፣ መቼ ይጠፋል፣ ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን ያያል? ከቀስቶቹ አንዱ ወደ ችሎት ከደረሰ የሠራችሁት የጤና አፕ አይደለም፤ የክትትል አፕ ነው። ቢያንስ ስሙን ለሴትየዋ በግልጽ ንገሯት።