መሪው ለፎቶ ነው ወይስ ለእጅ? የአሮጌ ሞተር ሳይክል መሪ በፊዚክስ ሚዛን

የሞተር ሳይክል መሪ ምንድን ነው ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? የታጠፈ የብረት ቱቦ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ጎማ የለበሰ እጀታ አለው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በቡሎን ይታሰራል። ይኸው ነው። ለመቀየር ቀላል ስለሚመስል አሮጌ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለውጠው እሱን ነው። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው፦ ብዙ ሰው መሪ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ፎቶ ያያል፣ «ይሄ ያምራል» ይላል፣ ይገዛል። ከዚያ አንድ ሰዓት ሲነዳ ጣቱ ይደነዝዛል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ጥፋቱንም በሞተር ሳይክሉ እርጅና ላይ ያላክካል።

እስቲ ዛሬ አንድ የታወቀ ሞተር ሳይክል እንውሰድና ሰዎች የሚገጥሙለትን መሪዎች በዓይን ሳይሆን በእጅ፣ በወገብና በትንሽ ፊዚክስ እንገምግማቸው። የመረጥነው ትራያምፍ ቦኔቪል ቲ120ን ነው።

አንድ ሞተር ሳይክል፣ ሁለት አቀማመጥ

ቦኔቪል በእንግሊዝ አገር ሜሪደን በነበረው ፋብሪካ ተሠርቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ሁለት ሲሊንደርና 649 ሲሲ ሞተር አለው። ስሙን ያገኘው የፍጥነት ክብረ ወሰን ከሚሞከርበት፣ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ካለው የቦኔቪል የጨው ሜዳ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፋብሪካው ለአሜሪካ ገበያ የሚልከውን ረዥምና ሰፊ መሪ፣ ትንሽም የነዳጅ ታንክ ይገጥምለት ነበር። በአገሩ ለሚሸጠው ደግሞ ዝቅ ያለ መሪና ተለቅ ያለ ታንክ ያደርግለታል። ሞተሩ ያው፤ የነጂው አቀማመጥ ግን የተለያየ። ፋብሪካው ራሱ «ትክክለኛው መሪ አንድ ብቻ አይደለም» እያለ ነበር ማለት ይቻላል።

ነጂዎቹ ደግሞ ሦስተኛ ጨመሩ። በለንደን በ1938 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኤስ ካፌ በ1950ዎቹና 60ዎቹ የወጣት ሞተረኞች መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር። የእነዚህ ልጆች ሕልም በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መድረስ ነበር። ስለዚህ ከውድድር ሜዳ የተቀዳ፣ ወደ ታች የወረደ አጭር መሪ ገጠሙ። ዛሬ «ካፌ ሬሰር» የሚባለው መልክ የመጣው ከዚህ ነው።

ዝቅ ያለው መሪ፦ ለፍጥነት የተሠራ፣ ከተማ ውስጥ የሚያሠቃይ

በዚህኛው እንጀምር፤ ብዙ የሚወደደውም፣ ብዙ የሚያሳምመውም እሱ ነውና። ጭንቅላት፣ ደረትና ክንድ አንድ ላይ ከሰውነታችን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ዳሌ ላይ እንደ በር በማጠፊያ ቆሟል እንበል። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ ክብደቱ በአጥንት በኩል ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ወደ ፊት ስታጎነብሱ ግን ደረታችሁን ወደ ታች የሚጥል ጉልበት ይፈጠራል፤ መጠኑም ከማዘንበያው አንግል ሳይን ጋር አብሮ ያድጋል። በ10 ዲግሪ ሳይኑ 0.17 ነው፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ 0.71። አራት እጥፍ ማለት ነው! ይህን ጭነት የወገብ ጡንቻ ወይ ይሸከመዋል፣ ወይ ደክሞ ለመዳፍ ያስተላልፈዋል።

ታዲያ እሽቅድድመኞች ለምን አይሠቃዩም? ነፋስ ስላለ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነት ስኩዌር ያድጋል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ደረትን የሚገፋው ነፋስ በ50 ኪሎ ሜትር ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በውድድር ላይ የነጂውን ክብደት ነፋሱ ራሱ በከፊል ያግዘዋል። መብራት ላይ እየቆመ በ40 የሚሄደውን የከተማ ነጂ ግን ማን ያግዘዋል? መዳፉ ብቻ።

ሌላም ነገር አለ። የውድድር ሞተር ሳይክል ላይ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ስለሚሄድ እግር የሰውነትን ክብደት ይካፈላል። ቦኔቪል ላይ መሪውን ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ መርገጫውን በነበረበት ብትተዉት እግራችሁ ወደ ፊት፣ ደረታችሁም ወደ ፊት ይሆናል። እንደ ተዘጋ የኪስ ቢላዋ መታጠፍ ነው። መሪ፣ መቀመጫና መርገጫ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ አንዱን ማዕዘን ነቅሎ ሌሎቹን መርሳት የዚህ ፋሽን ትልቁ ጉድለት ነው።

ረዥሙ መሪ፦ ለመንደር ንጉሥ፣ ለአውራ ጎዳና ሸራ

የአሜሪካው ዓይነት ረዥም መሪ በተቃራኒው ወገብን ያሳርፋል፤ ዝግ ብሎ ለመሄድና ለመጠምዘዝም ይመቻል። እስኪ ቁጥሩን እንይ። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሪ ላይ እያንዳንዱ እጅ ከመሐል 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ሁለቱ እጆች፣ አንዱ እየገፋ ሌላው እየሳበ፣ በየፊናቸው 20 ኒውተን ቢጠቀሙ 12 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያገኛሉ። ስፋቱ 80 ከሆነ ለዚያው ኃይል 15 ኒውተን ይበቃል። ድካሙ በሩብ ቀነሰ።

ግን ነጻ ምሳ የለም። ነፋሱ ሲመጣ ይኸው ቀጥ ያለ ደረት ሸራ ይሆናል። በባሕር ወለል አካባቢ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የነፋሱ ግፊት በአንድ ካሬ ሜትር 460 ኒውተን ያህል ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ነጂው ላለመውደቅ መሪውን ይስባል፤ መሪ ሲሳብ ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ሳይፈለግ ይወዛወዛል። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢዚ ራይደር የተባለው ፊልም ላይ የታየውና በየአገሩ የተወደደው እጅን ወደ ላይ የሚሰቅል መሪ ደግሞ የዚህ ጥግ ነው፦ እጅ ከልብ በላይ ሲሰቀል ትከሻው ያለ እረፍት ይሠራል። ለፊልም ያምራል። ለጉዞ ግን እንጃ!

ማንም የማያየው ልኬት፦ የእጅ አንጓ

ሻጮች ስለ ቁመትና ስለ ስፋት ብዙ ያወራሉ። የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን እዚህ ጋ ነው፤ ጣት የሚያደነዝዘው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ልኬት ነው። እሱም የመሪው ጫፍ ወደ ነጂው የሚመለስበትና ወደ ታች የሚያዘነብልበት አንግል ነው።

አሁኑኑ ሞክሩት። ዓይናችሁን ጨፍኑና ሁለት እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ ወደ ፊት ዘርጉ፤ ከዚያ የሆነ ነገር እንደያዛችሁ ጨብጡ። ጭብጣችሁ ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል? አይሠራም። ትንሽ ወደ ውጭና ወደ ታች ያዘነብላል። መሪው ይህን ዝንባሌ ካልተከተለ አንጓው ታጥፎ ይቆያል። በአንጓ ውስጥ ነርቭና ጅማት የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ አንጓ ሲታጠፍ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል።

ሰውነታችሁ ራሱ ይነግራችኋል፦ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከደነዘዙ በመተላለፊያው መሐል ያለው ነርቭ ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ከደነዘዙ ደግሞ በመዳፉ የውጭ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው ብስክሌት ጋላቢዎችንም በደንብ ያውቃቸዋል። ከሞተር ሳይክሉ ወርዳችሁም ድንዛዜው ካልለቀቃችሁ ነገሩ የመሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚይዙት እነዚሁ ጣቶች ናቸውና የደነዘዘ ጣት አደጋ ነው።

ንዝረቱስ?

በቦኔቪል ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች የሚወጡትና የሚወርዱት አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አንድ መንቀጥቀጥ አለ፤ በደቂቃ 6000 ዙር ማለት በሰከንድ 100 ጊዜ ነው። መሪው ደግሞ መሐሉ ታስሮ ጫፎቹ የተለቀቁ ቱቦ ስለሆነ እንደ ክራር ክር የራሱ የንዝረት ልክ አለው። የሞተሩ ምትና የመሪው ልክ ሲገጣጠሙ ንዝረቱ ያብጣል፤ ፊዚክስ ላይ ሬዞናንስ የምንለው ነው።

አሁን ዋናውን ነጥብ ያዙ፦ አንድ ዓይነት ቱቦ ሆኖ ርዝመቱ ሲጨምር የንዝረቱ ልክ በርዝመቱ ስኩዌር ይቀንሳል። ጫፉ ከ30 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ልኩ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ አዲሱ መሪ ድሮ በከፍተኛ ዙር ብቻ የነበረውን መንቀጥቀጥ ዘወትር ወደምትነዱበት ዙር ሊያወርደው ይችላል። ጫፉ ውስጥ ክብደት መክተትም ልኩን ያወርደዋል፤ ከፋም በጀም የሚወሰነው በየትኛው ዙር እንደምትነዱ ነው። «ይህ መሪ ንዝረት ያጠፋል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ «በስንት ዙር ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመግዛት በፊት

በመጀመሪያ ውፍረቱን ለኩ። በብዙዎቹ የጃፓንና የአውሮፓ ሞተር ሳይክሎች የቱቦው ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሃርሊ ዴቪድሰን 25.4 ነው። በማይገጥም ማሰሪያ ውስጥ ቆርቆሮ ጠቅጥቆ ማጥበቅ ነገ መሪው እጅ ላይ እንዲዞር መፍቀድ ነው።

ቀጥሎ ኬብሎቹ ናቸው። መሪው ከፍ ካለ የነዳጅ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ኬብሎች አብረው መርዘም አለባቸው። የነዳጁ ኬብል ካጠረ መሪውን ጥግ ድረስ ስታዞሩ ኬብሉ ተወጥሮ ሞተሩን ራሱ ያስነሳዋል። ጠባብ ቦታ ላይ እየዞራችሁ ሞተር ሳይክሉ በራሱ ሲፈነጠር አስቡት! ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ ቆማችሁ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። የሞተሩ ድምፅ መለወጥ የለበትም፤ መሪው ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ጣታችሁ በመሪውና በታንኩ መካከል መቀርቀር የለበትም። የተሰነጠቀ መሪ ካላችሁ በብየዳ አታስቀጥሉት፤ ጣሉት።

ለምቾቱ ደግሞ ርካሽ መሣሪያ አለ፦ የመጥረጊያ እንጨት። ሞተር ሳይክሉን በቋሚው ላይ አቁማችሁ ተቀመጡ፣ እግራችሁን መርገጫው ላይ አድርጉ፣ እንጨቱን ያዙ፣ ዓይን ጨፍኑ። ክርናችሁ ትንሽ ታጥፎ፣ ትከሻችሁ ወርዶ እጃችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ጓደኛችሁ በሜትር ይለካ፦ ከማሰሪያው ምን ያህል ከፍ፣ ምን ያህል ወደ ኋላ፣ ምን ያህል ሰፋ። ወደ ሱቅ ይዛችሁ የምትሄዱት ፎቶውን ሳይሆን እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ነው።

ብያኔ

በከተማና በገጠር መንገድ በሰዓት ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ዝቅ ያለውን የውድድር መሪ አልመክርም፤ የተሠራበትን ፍጥነት ነጥቃችሁ ሥቃዩን ብቻ ነው የምትወርሱት። በጣም ረዥሙም ከመንደር ሳይወጡ ለሚነዱ ይሁን። የተሻለው ገለልተኛ የሚመስለው ነው፦ መጠነኛ ከፍታ፣ ከትከሻ ትንሽ የሚሰፋ፣ ጫፉ ወደ እጅ የሚመለስ። ፎቶ ላይ ማንም አያደንቀውም። ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ግን ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ ብትቆጥሯቸው አሥሩም ይሰማችኋል።