ከደጅ እስከ ደጅ፦ የሮም ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ጉዞና የፊሊፖ ኔሪ ትሩፋት

ስለ ሮም ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ጉዞ ከሚጻፈው አብዛኛው ስለ ሕንፃዎቹ ነው፤ ማን እንዳሠራቸው፣ የትኛው ቅዱስ ዐፅም በየትኛው መንበር ሥር እንዳረፈ። ይህ ዳሰሳ ግን ዐይኑን የሚያሳርፈው በደጅና በደጅ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። ቅዱስ ፊሊፖ ኔሪ በ16ኛው መቶ ዘመን ለዚህ ንግደት አዲስ ነፍስ የዘራበት እዚያው መንገዱ ላይ ነውና። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰባቱ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ከቅጥር ውጭ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ፣ ቅዱስ ሰባስትያኖስ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ላተራን፣ የኢየሩሳሌም ቅዱስ መስቀል፣ ከቅጥር ውጭ ያለው ቅዱስ ሎሬንሶና ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ናቸው። ዙሩ በእግር ከ20 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። በኔሪ ዘመን የሮም ሕዝብ በቴቬሬ ወንዝ መታጠፊያ ተጠጋግቶ ይኖር ስለነበር፣ ከጥንቱ ቅጥር ውስጥ ያለው ሰፊ ቦታ እንኳ የወይን እርሻና ፍርስራሽ ነበር። ስለዚህ ተሳላሚው ገና ጉዞውን ሲጀምር ከተማውን ለቆ ገጠር ይገባል።

ጉዞው ከኔሪ በፊትም ነበር። በመካከለኛው ዘመን ምእመናን ደጆቹን የሚዞሩት በአብዛኛው የቅጣት ስርየት ለማግኘት ነው፤ ለየመንበሩ የተመደበ የስርየት ዓመትና ቀን ነበረው፣ የሚደመርም ነበር። ማርቲን ሉተር ከ1510 እስከ 1511 ሮም በቆየበት ወቅት ከደጅ ወደ ደጅ እየሮጠ ተሳልሟል፤ ያንን ሩጫ በኋላ በምሬት ነበር የሚያነሳው። ምሬቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ጸሎት በሂሳብ ሲለካ መንገዱ ቶሎ ሊያልቅ የሚገባው ድካም ብቻ ይሆናል።

ኔሪ በ1515 በፍሎረንስ ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ሮም ገባ። ቅስና ከመቀበሉ በፊት ለዓመታት ሌሊቱን በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ፣ አንዳንዴም በቅዱስ ሰባስትያኖስ ካታኮምብ፣ ማለትም በጥንታውያኑ ክርስቲያኖች የምድር ውስጥ መቃብር ሲጸልይ ያድር ነበር። ከ1552 ጀምሮ ግን ብቻውን የሚሄድበትን መንገድ ለሌሎች ከፈተው። የመረጠው ቀን ራሱ ብዙ ይናገራል። ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው ሐሙስ የሮም ቅበላ የሚደራበት፣ ጭንብልና ጭፈራ ጎዳናውን የሚሞላበት ቀን ነው። ኔሪ ወጣቶቹን ቤታችሁ ተቀመጡ አላላቸውም፤ ሌላ ደስታ ሰጣቸው። ዋዜማውን ቅዱስ ጴጥሮስን ይሳለማሉ፣ በማግስቱ ማለዳ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ይወርዳሉ፤ እየዘመሩ፣ እየጸለዩ፣ ስብከት እየሰሙ ይጓዛሉ። እኩለ ቀን ላይ በቼሊዮ ኮረብታ በማቴዪ ቤተሰብ የአትክልት ስፍራ ሣር ላይ ተቀምጠው ዳቦ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ፍራፍሬና ወይን ይቀርብላቸዋል፤ ሙዚቃም ነበር። መኳንንቱና የእጅ ሥራ ሰዎቹ አብረው ይቆርሳሉ። ጥቂቶች ሆነው የጀመሩት ጉዞ ኋላ ብዙ ሺህ ሰው የሚያሰልፍ ሆነ።

ይህ ማዕድ የጉዞው ማጣፈጫ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ልቡ እሱ ነው። ንስሐና ደስታ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሣር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ የሚለውን ኔሪ በስብከት ብቻ አላስተማረም፤ ሰውን አስርቦ፣ አድክሞ፣ ከዚያም አብልቶ አሳየ። የማኅበር ጽዋ አብሮ የጠጣ አበሻ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ባለ ሥልጣናቱ ግን ሠጉ። በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ ዘመን፣ በ1559፣ ኔሪ ሕዝብ እየሰበሰበ አዲስ ነገር ያስተምራል ተብሎ ተከሰሰ፤ ጉዞውም ለጥቂት ጊዜ ታገደ። ሥጋቱ የሚገርም አይደለም። የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ፈቃድ ተሰብስቦ የሚዘምር ሕዝብ የትም አገር ያስፈራል።

ከአንድ ትውልድ በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 5ኛ ጉዞውን በሌላ መንገድ ያዙት። ትላልቆቹን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገናኙ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ቀየሱ፤ ከሩቅ የሚታዩ የግብፅ ሐውልቶችንም በ1586 በቅዱስ ጴጥሮስ፣ በ1587 በሳንታ ማሪያ ማጆሬ፣ በ1588 በላተራን አቆሙ። በ1586 ሩቁን ቅዱስ ሰባስትያኖስን ከሰባቱ አውጥተው፣ በከተማው በር አጠገብ ያለችውን ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎን ተኩ። ለደካማና ለሽማግሌ ያሰበ ለውጥ ነው ቢባል ትክክል ነው። ሆኖም ኔሪ ያደረበት ካታኮምብ የቀረበት ዙር ከሰማዕታት መቃብር ይልቅ ለጳጳሱ አዲስ ከተማ የቀረበ ነው። ምእመናኑም ለውጡን አልተቀበሉትም፤ ቅዱስ ሰባስትያኖስ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የእኛም አሻራ በዚያች ሮም አለ። ኔሪና ባልደረቦቹ ነጋድያንን የሚያስተናግደውን የቅድስት ሥላሴ ማኅበር በመሠረቱበት በ1548፣ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያችው ከተማ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተም ጀምረው ነበር። ማረፊያቸው ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ የሰባቱ ደጆች ዙር ከሚጀመርበት እርምጃ አይርቅም። ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ የመጣው ደግሞ ሥዕል ነው። በ1569 ኢየሱሳውያን የእመቤታችንን ጥንታዊ ሥዕል እንዲቀዱ ተፈቀደላቸው፤ ቅጂው በሚሲዮናውያኑ እጅ ኢትዮጵያ ደረሰ። በ17ኛው መቶ ዘመን ከተሣሉት ሥዕለ ማርያሞቻችን አንዱን ቀርቦ ያየ ሰው የተነባበሩትን እጆች፣ የተዘረጉትን ሁለት ጣቶች፣ በግራ እጇ የያዘችውን መሐረብና መጽሐፍ የያዘውን ሕፃን ያገኛል። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪን የመሰሉ የሥነ ሥዕል ታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ዝምድና አሳይተዋል። ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ሥዕሉ ቀረ፤ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎችም ጥለቱንና ቀለሙን ለውጠው የራሳቸው አደረጉት።

ዛሬ ሰባቱን ደጆች በአውቶቡስ በአንድ ቀን አዳርሶ መመለስ ቀላል ነው፤ ከአገር ቤትም ከአውሮፓ ከተሞችም የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሕንፃዎቹን ያያሉ፤ ንግደቱ ግን ያመልጣቸዋል። ከቅዱስ ጳውሎስ እስከ ቅዱስ ሰባስትያኖስ የሚወስደው ጎዳና ዛሬም የሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት መንገድ ተብሎ ይጠራል። ሮም የምትሄዱ ሁሉ ጊዜ ቢያጥራችሁ እንኳ ይህችን አንዷን መንገድ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ፣ አብራችሁ እየዘመራችሁ በእግራችሁ ሂዱባት፤ ስንቃችሁንም ይዛችሁ፣ አብራችሁ ቆርሳችሁ ብሉ።