የተቀጣው ቃል የትኛው ነው?

በራዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ሲናገሩ የሌላውን ወገን ዘር የሚያዋርድ ቃል አውጥተዋል ተብለው የሚቀጡ ሰዎች በየጊዜው ይሰማሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ቅጣቱን ሳይሆን ቅጣቱ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ የሚሰጠውን አስተያየት ነው፤ ቅጣቱን ለሕግ ተማሪዎች እንተወዋለን። የምንናገረውም በእንጅባራና በዳንግላ፥ በሻይ ቤት፥ በመኪና ውስጥና በገበያ ከሰማነው ተነሥተን ነው። ቆጠራ አላደረግንም፤ መጠይቅም አልበተንንም። ነገር ግን የሰማነው ሁሉ ከቦታ ቦታ እየተመሳሰለ ስለ መጣብን ለመጻፍ ደፈርን።

ተመሳሳይ ያልነው ይህ ነው። አንድ ጋዜጠኛ ታሰረ፥ ወይም አንድ ጣቢያ ተዘጋ የተባለ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አለ?» አይደለም፤ «የማን ልጅ ነው?» ነው። የተቀጣው የእኛ ወገን ከሆነ «እውነት ስለ ተናገረ ነው» ይባላል። የሌላው ወገን ከሆነ «እንዲያውም አነሰው» ይባላል። ከሁለቱ አንዱንም ለመናገር የከበደው ሰው «የእነሱስ? እነሱ ሲሳደቡ ማን ነካቸው?» ይላል። ይህ ሦስተኛው አነጋገር ፍትሕ የጠየቀ ይመስላል። ሆኖም በሰማነው ጊዜ ሁሉ ጨዋታውን የሚዘጋው እርሱ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ስለ ንግግሩ የሚያነሣ ሰው አልገጠመንም።

የ2012 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። ከጥቂት ቀን አስቀድሞ ኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክ (ኦኤምኤን) ለተባለው ጣቢያ የሰጠው ቃለ መጠይቅ፥ በተለይም ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የተናገረው፥ ብዙ ሰው አስቈጥቶ ነበር። በማግሥቱ ሁከት ተነሣ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረትም ተቃጠለ። ፖሊስ የኦኤምኤንን የአዲስ አበባ ቢሮ ያዘ፤ ከጣቢያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት አቶ ጃዋር መሐመድም ታሰሩ። አሥራትና ድምፂ ወያነ የተባሉት ጣቢያዎችም ሕዝብን ከሕዝብ ያጋጫሉ ተብለው በመንግሥት ተወነጀሉ። አንዱ የኦሮሞን፥ ሁለተኛው የአማራን፥ ሦስተኛው የትግራይን ጉዳይ ይዞ የሚናገር ስለ ነበረ፥ ለአድማጭ መመዘኛ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በኮሮና በሽታ ምክንያት ተዘግተው እኛም በየቤታችን ነበርን። ኢንተርኔትም ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ስለ ነበር ሰው ሁሉ የሚያወራው ከራዲዮና ከአፍ የሰማውን ነው። በእንጅባራ ስለ አሥራት የሚቈጭ ሰው ስለ ኦኤምኤን ሲጠየቅ «ዘግይቷል» ይል ነበር። እህል ጭኖ አገር ለአገር የሚዞር አንድ ነጋዴ ደግሞ፥ በሄደበት ሌላ አገር ይህንኑ ቃል ገልብጠው ሲናገሩ እንደ ሰማ እየሳቀ አጫወተን። «ለመሆኑ ምን ብለው ነው የተዘጉት?» ብለን በጠየቅነው ጊዜ ሣቁን አቆመና «ያው የሚሉትን ነዋ!» አለን። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርበናል፤ ከ«ያው የሚሉትን» ያለፈ መልስ የሰጠን ሰው አላገኘንም።

እዚህ ላይ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ አይገባም። በአቶ ጃዋር ላይ የቀረበው ክስ ከንግግር የሰፋ ቢሆንም፥ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ተቋርጦ ከእስር ተፈቱ። በመፈታታቸው የተደሰተም የተናደደም አለ። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ነገሩ የተዘጋው ፍርድ ቤት «በዚህ ቀን የተነገረው ይህ ቃል ወንጀል ነው፤ ያኛው ግን ብርቱ ትችት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም» ብሎ ሳይለይ መሆኑ ነው። ታዲያ አድማጩ ከምን ይማር? የሚያውቀው ማን እንደ ታሰረ ነው፤ ስለዚህ በሚያውቀው ይፈርዳል።

ከዚህ የተለየ አካሄድ እንዳለ ለማሳየት ወደ ውጭ አገር ሁለት ምሳሌ እንሻገራለን። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ዶን አይመስ የሚባል ስመ ጥር የአሜሪካ ራዲዮ ተናጋሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤፕሪል 4 ቀን፥ የሩትገርስ ዩኒቨርስቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ጠጉራቸውን ንቆ፥ ራሳቸውንም ጋለሞታ ብሎ ሰደበ። ከቡድኑ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። ማስታወቂያ የሚሰጡ ታላላቅ ኩባንያዎች ተለዩት፤ ሲቢኤስ የተባለው ድርጅትም በስምንተኛው ቀን ከሥራ አሰናበተው። ሕዝቡ በዚያም ተከፋፈለ። «የመናገር ነፃነት ተነካ» ያሉ ነበሩ፤ «ጥቁር ዘፋኞችስ በዘፈናቸው ይህንኑ ይሉ የለምን?» ያሉም ነበሩ። «የእነሱስ?» ማለት የእኛ ሻይ ቤት ፈጠራ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ልዩነቱ ግን ክርክሩ በተነገረው ቃል ላይ መሆኑ ነው። የሚደግፈውም የሚቃወመውም ያንኑ ቃል አውቆ ነበር የሚከራከረው። ከዚህም ሌላ የተሰደቡት ልጆች በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ስድቡ ምን እንዳደረጋቸው ተናገሩ፤ ሰውየውንም ፊት ለፊት አግኝተው ይቅርታውን ተቀበሉ። እርሱ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በሌላ ጣቢያ ወደ ራዲዮ ተመልሷል። ቅጣቱ ትንሽ ነበር የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኛም ከዚያ ወገን ነን።

ሁለተኛው ምሳሌ ሣቅ የለበትም። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1993 ሥራ የጀመረው ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ ቱትሲዎችን «ኢንየንዚ»፥ ማለት በረሮ፥ እያለ ይጠራ ነበር። በ1994 እልቂቱ ሲጀመር የሰዎችን ስምና መሸሸጊያ ሳይቀር ይናገር እንደ ነበር በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መርምሮ አረጋግጧል። ከጣቢያው መሥራቾች አንዱ ፌርዲናንድ ናሂማና በዩኒቨርስቲ የታሪክ መምህር የነበረ ሰው ነው፤ ይህን የምንጠቅሰው መማር ከዚህ ያድናል ብለን ለምናስበው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ግን የይግባኙ ችሎት እልቂቱ ከመጀመሩ በፊት የተነገረውንና ከኤፕሪል 6 ቀን 1994 በኋላ የተነገረውን ለያይቶ መዘነ። የፊተኛው ምንም እንኳ ጥላቻ ያለበት ቢሆን፥ በቀጥታ ለእልቂት መቀስቀሱ አልተረጋገጠም አለ፤ ለኋለኛው ግን ኃላፊ አደረገውና ቅጣቱን ወደ 30 ዓመት ዝቅ አደረገው። በዚህ ብዙ ሰው አዝኗል። ሆኖም ፍርዱን ያነበበ ሰው የትኛው ቃል፥ በየትኛው ቀን፥ ለምን እንዳስቀጣ ጣቱን አኑሮ ሊያሳይ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ወደ አገራችን ፈጥኖ የደረሰው አንዱ ስም ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክር ጊዜ ተቃዋሚዎችን ከ«ኢንተርሃምዌ» ጋር የሚያመሳስል ንግግር ከገዥው ፓርቲ ወገን በቴሌቪዥን ተነግሯል። በዚያን ጊዜ ገና ሕፃናት ነበርን፤ ቃሉ ግን ልጅ ሆነን በሰፈር ጠብ ውስጥ ስንጠቀምበት ትዝ ይለናል፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሌላውን ስንተች የራሳችንን ደብቀን ማለፍ አይገባንምና። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጧት ጧት ከሰልፍ በኋላ በሚኒ ሚዲያ ዜናና ቀልድ ይነበብ ነበር። አንድ ቀን አንባቢው፥ አንደበቱ የቀና፥ ሁላችን የምንወደው ልጅ፥ ከመካከላችን ስላሉት ሁለት የጉሙዝ ልጆች ቀልድ ጨመረና «ሻንቅላ» አላቸው። ቃሉን እዚህ የጻፍነው ካልጻፍነው የነቀፍነውን ነገር ራሳችን እንደግመዋለንና ነው። በዚህ ስም የምዕራብ ቆላን ሕዝብ መጥራት ከባርነት ዘመን ጋር የተያያዘ ንቀት እንዳለበት፥ ጉሙዞችም እንደማይቀበሉት የታወቀ ነው፤ በገበያችን ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። በሰልፉ ላይ ሣቅ ሆነ። እኛም ስቀናል።

በሦስተኛው ቀን ልጁ «ያልተገባ ነገር ስለ ተናገረ» ለዓመቱ ከማይክሮፎን ታገደ ተብሎ በሰልፍ ተነገረን። ያልተገባው ነገር ምን እንደ ሆነ አልተነገረንም፤ ምናልባት ቃሉን መድገም ለአስተማሪዎቹ ነውር መስሎአቸው ይሆናል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የአገሩ ልጆች «የእኛ ልጅ ስለ ሆነ ነው፤ የከተማ ልጅ ቢሆን ማን ይናገረው ነበር?» አሉ። ሌሎቹ የድሮ ቂም ነበራቸውና ደስ አላቸው። አስተማሪዎቹ ቀልዱን ስለ ራሳቸው የተነገረ አድርገው ነው የሚልም ወሬ ተነሣ፤ እኛም ይህንኑ አመንን። የጉሙዞቹን ልጆች ምን ተሰማችሁ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቃሉ ነበር ያስቀጣው ብለን የተረዳነው ከትምህርት ቤቱ ከወጣን በኋላ ነው።

ይህ በተማሪዎች መካከል የሆነ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ ጃዊን ያስብ። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ በመተከል ዳንጉርና በዞናችን በጃዊ ወረዳ በተነሣው ግጭት ከአማራም ከአገውም ከጉሙዝም ሰው አልቋል፤ በጃዊ የተገደሉት ብዙዎቹ ጉሙዞች ነበሩ። ግጭቱን ቃል ብቻ አመጣው አንልም፤ የመሬትና የአስተዳደር ምክንያት አለው። ነገር ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠራበት ስም አስቀድሞ ሰውነቱን ያቀለለበት እንደ ሆነ፥ በክፉ ቀን ማን ይራራለታል?

ሕጉ አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። በብሔር፥ በሃይማኖት፥ በዘር፥ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፥ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ይከለክላል፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን የተነገረ እንደ ሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፥ መቀጮውም እስከ 100,000 ብር ሊደርስ ይችላል። ለትምህርታዊ ጥናት፥ ለዜና ዘገባ፥ ለፖለቲካ ትችትና ለኪነ ጥበብ ደግሞ በር ትቷል። በጽሑፍ ሲታይ የሚነቀፍ ብዙ የለበትም። ነገር ግን በንቀት ቀልድና በጥላቻ ቅስቀሳ፥ በብርቱ ትችትና በስድብ መካከል ያለው ድንበር በአዋጅ ሐረግ ብቻ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በእያንዳንዱ ጉዳይ ቃሉ ተነሥቶ ሲመዘን ነው። ያለዚያ «የፖለቲካ ትችት» የተባለው በር ለወዳጅ ይከፈታል፥ ለጠላት ይዘጋል ብሎ የሚጠረጥር አድማጭ ተሳስቷል ማለት እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ተናጋሪ ወይም አንድ ጣቢያ በዚህ ምክንያት ሲቀጣ ውሳኔው፥ ቃሉ ሳይሸፈን፥ ስድቡ በተነገረበት ጣቢያና በተነገረበት ሰዓት ይነበብ፤ የተሰደበው ወገንም መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይሰጠው። በእኛ አካባቢም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛና በጉሙዝኛ ይነበብ። የአማራ ራዲዮ በአዊኛ ስለሚያስተላልፍ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

አንድ አስተማሪያችን ይህን ሐሳብ ሰምተው «ስድብን መድገም ማባዛት ነው፤ ያልሰማውም ይሰማዋል» ሲሉ ነቅፈውናል። ነቀፌታቸው ከባድ ነው፤ ብዙ ቀን አስበንበታል። ሆኖም ያ የሚኒ ሚዲያው ቃል ሳይደገም ስለ ቀረ አልጠፋም። ባለፈው ክረምት በቻግኒ ገበያ ከሁለቱ የጉሙዝ ልጆች አንዱን አገኘነው። ሻይ ጠጣን፤ ስለ ትምህርት ቤቱም አወራን። ያ ልጅ ለምን እንደ ታገደ ያውቅ እንደ ሆነ ስንጠይቀው፥ አስተማሪ ስለ ሰደበ መስሎት እንደ ኖረ ነገረን።