ቀልዱ የሸፈነው ሊቅ፤ ስለ ቅኔ ቤት ጸጥታና ስለ ተክሌ ዝማሜ

የአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲነሣ ከእኛ መካከል ፈገግ የማይል የለም። ታትመው የወጡትም የቀልድ መድበሎች ሰውየውን የሚያሳዩን ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ መኳንንትን ሲነኩ፥ ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር ሲነታረኩ፥ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገሩ። ይህን የመሰለ አእምሮ በምን ዓይነት ትምህርት ተኮትኩቶ አደገ? መድበሎቹ ይህን አይጠይቁም፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉድለታቸው ይኸው ነው። ቀልዱ ራሱ የቅኔ ልጅ መሆኑን እንኳ ሳይነግሩን ያልፋሉ።

አለቃ የፎገራ ሰው ናቸው። በ1814 ዓ.ም. ገደማ በናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተወለዱ ይነገራል። አገሩ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት የጣና ዳር ሜዳ ነው፤ ዛሬ ሩዝ ይዘራበታል።

የቅኔ ቤት ውሎ ከትምህርት ሁሉ የተለየ ነው። የኔታ አገባቡንና ምሥጢሩን ከነገሩ በኋላ ተማሪው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ይሄዳል። ይህንንም ቆጠራ ይሉታል። ብራና አይዘረጋም፥ ቀለም አይበጠበጥም፤ ሁሉም በልብ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሲበረታ ወደ ዘአምላኪየ፥ ውሎ አድሮም ወደ መወድስና ወደ ዕጣነ ሞገር ይሻገራል። ከዚያም የኔታ ፊት ቆሞ ይናገራል፥ እርሳቸውም ያርማሉ። ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራስ ተደርጎ ቢቀርብ ነውር ነው። እንግዲህ ይህ ጸጥታ ሥራ ፈትነት አይደለም፤ ለብቻ መሆንም፥ አዲስ ነገር ይዞ መመለስም ሁለቱም ግዴታ ናቸው። ደግሞም ተማሪው ሰሙን ከሚያየው ነገር፥ ከንቡ፥ ከዝናቡ፥ ከገበሬው በሬ ያነሣል፤ ወርቁን ግን ብዙ ጊዜ ከመጻሕፍት ነው የሚያመጣው። ያላነበበ ወርቅ የለውም፤ ያላስተዋለ ሰም የለውም።

እኔ የተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ብዙ ማንበብንና በየሳምንቱ መጻፍን አስተምሮኛል። ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ግን «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ ይጠራ ነበር። በኮሌጃችንም ቢሆን ከመምህሩ አፍ የጻፍነውን ማስታወሻ በፈተና ቀን ለዚያው ለመምህሩ እንመልሳለን፤ በቅኔ ቤት ሕግ ይህ ስርቆት በተባለ ነበር።

ይሁን እንጂ ያችው ቤተ ክርስቲያን በዜማ ቤትና በአቋቋም ቤት ተቃራኒውን ታዛለች። በዚያ የሚመሰገነው የተቀበለውን ሳያጓድል ያስረከበ ነው። አለቃ ገብረ ሐና ይህን ድንበር ተሻገሩ። በጣና ላይ በምትገኘው በሬማ ደሴት ሳሉ ሞገዱንና በውሃው ዳር የበቀለው ተክል ሲወዛወዝ አስተውለው፥ ከዚያ አዲስ የመቋሚያ ዝማሜ እንዳወጡ ይተረካል። ይህም ቅኔ ቆጣሪ በየዕለቱ የሚያደርገው ነው፤ ልዩነቱ ከሚታየው ነገር ተነሥተው የደረሱት ወደ ቃል ሳይሆን ወደ አካል እንቅስቃሴ መሆኑ ነው። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም ይባላል። ልጃቸው ተክሌ ስልቱን ተምሮ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ የተክሌ ዝማሜ ተብሎ ይጠራል። አባትየው በቀልድ ቀሩ።

የጎንደርን ሊቃውንት ለመንቀፍ መቸኮል ግን አይገባም። ለዜማው በፊደሉ ራስ ላይ ምልክት ተጽፎለታል፤ መቋሚያው እንዴት ወዲህና ወዲያ እንደሚል ግን የሚጠብቀው የመምህሩ ክንድና የተማሪው ዓይን ነው። እያንዳንዱ መምህር እንደ ልቡ ቢለውጠው ኖሮ ከጥንቱ ምን ይተርፈን ነበር? እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አለቃ ከሞገዱ ወደ መቋሚያው እንዴት እንደ ተሻገሩ፥ የትኛውን ሞክረው የትኛውን እንደ ጣሉ ከሕዝቡ ትረካ አናገኘውም። በቅኔውም እንዲሁ ነው። እንደ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ያሉ ሊቃውንት የሰበሰቡልን ቅኔውን ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር የዋለው ቆጠራ፥ የተሰረዘው ቃልና የታረመው ቤት ከቀኑ ጋር አልፏል። ጸጥታው ብዙ ወለደ፤ ደብተር ግን አልያዘም። በዚህ በኩል ሚሲዮኑ ያስተማረኝን አልንቅም።

በዚህ ክረምት ወደ ወረታ የሚመለስ ባልንጀራ ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። በናበጋ ዳር ሞገዱን ጥቂት ቀን ለብቻው ይመልከት፤ ከዚያም ደብረ ታቦር ወጥቶ ከተክሌ መምህራን አንዱን፥ መቋሚያው የሚዘገይበትና የሚፈጥንበት ቦታ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ይጠይቅልን። መልሱን ከነመምህሩ ቃል ቢጽፈው በሚቀጥለው ዕትም ላነበው እወዳለሁ።