የአንበሳው ጺም
የኢትዮጵያው የአንበሳ ጺም ተረት፣ አንበሳው በነብር ተተክቶ በኮሪያም የሚተረክ ሲሆን፣ በሁለቱም ዘንድ ባለታሪኳ የሻከረ ልብ የሚያለዝብ መድኃኒት ፍለጋ ወደ አዋቂ፣ ማለትም ምሥጢርና ቅመማ ያውቃል ተብሎ ወደሚታመን ሰው፣ የምትሄድ ሴት ናት። በአንዱ የኢትዮጵያ አተራረክ የእንጀራ ልጇ ፊት ነስቷታል፤ በኮሪያው ደግሞ ባሏ ከጦርነት ሌላ ሰው ሆኖ ተመልሷል። ጺሙን እንድታመጣ ስትታዘዝ፣ ለአውሬው ምግብ ከሩቅ እያስቀመጠች፣ ቀን በቀን ጥቂት እየቀረበች፣ በመጨረሻ ጺሙን ታገኛለች። የተረቱ ብልሃት፣ አዋቂው ጺሙን ከተቀበለ በኋላ ምንም አለመቀመሙ ነው፤ አውሬውን በትዕግሥት እንዳለመደች የሰውንም ልብ እንዲሁ እንድታለዝብ ብቻ ይነግራታል። ምክር ብቻ ቢሆን «ታገሺ» በሚል አንድ ቃል አልቆ በማግስቱ በተረሳ ነበር (ምክር ዕጣው ይኸው ነው)፤ ተረቱ ግን አድማጩን ከሴቲቱ ጋር በአውሬው ፊት ያቆመዋል። ረስል ዴቪስና ብሬንት አሽአብራነር በ1959 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ላሳተሙት የተረት መድበል ርእስ ያደረጉትም ይህንኑ ጺም ነው።