ሐሩንስ ማን ይየው?

የምኖረው ኮንጋ ነው፣ በቡናው አገር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከጎረቤቶቼ ጋር ደስ ብሎኛል። በዚያ መልክዐ ምድር የሚገኘው ትክል ድንጋይ ታጋሽ ቅርስ ነው፤ ዝናቡንም ፀሐዩንም ችሎ ይቆማል። ቅርስ ሲባል ታዲያ ድንጋዩ፣ ግንቡና ብራናው ቶሎ ይታወሰናል። ጨርቅ ግን ማን አስታውሶት! ሂሴም በዚሁ ላይ ነው።

የጎንደሩን የሐር መጋረጃ እንውሰድ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር የተሠራ ሲሆን ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘርፎ ወሰደው፤ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የዚሁ ዓይነት ሌላ መጋረጃ በቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። ተመራማሪዎች በመጋረጃው ላይ አፄ በካፋንና እቴጌ ምንትዋብን ይፈልጋሉ። ፍለጋው መልካም ነው፤ ነገር ግን መጋረጃውን እንደ ሥዕል ብቻ ማየት የሥራውን ግማሽ መተው ነው። ምስሉ በብሩሽ አልተቀባም፤ በመርፌም አልተጠለፈም። ማዕዘናቸው በተበሳ፣ ሲዞሩ የድሩን ክር በሚገምዱ ትንንሽ ገበታዎች ከጨርቁ ጋር አብሮ ተሸመነ እንጂ። አንዱ ገበታ ያለ ቦታው ቢዞር የንጉሡ ዓይን ይጠፋል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ በልቡ ቆጥሮ የሠራው ሰው ማን ነበር? ሠዓሊውን «አለቃ» ብሎ ያከበረ አገር ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ሲለው ኖሯል። ስሙን ብናጣው ምን ይደንቃል?

ሐር እንደ ድንጋይ አይታገሥም። ብርሃን ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ክሩን ያደርቀዋል፤ የጠፋውም አይመለስም። ሙዚየሞች 50 ሉክስ ገደማ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያሳዩት ለዚህ ነው። ሲያስቀምጡትም እጥፋቱ እንዳይሰነጥቀው ይጠቀልሉታል እንጂ አያጥፉትም። ይህ ጥንቃቄ ለለንደኑ መጋረጃ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። በየገዳሙ በብራና መጻሕፍት ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈው የውጭ አገር ሐር፣ በሥዕሎች ላይ እንደ መጋረጃ የተሰፋው ስስ ጨርቅ፣ ይህም ቅርስ ነው። መጽሐፉ እንደገና ሲጠረዝ እንደ እራፊ ሊጣል አይገባም።

የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ከሚሉት አንዱ ነኝ። ነገር ግን መጋረጃው ተመልሶ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ፊት የሚሰቀል ከሆነ ሁለተኛ መዘረፉ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሌላ አናሳብብም።